በመዳፉ ላይ የሚወድቁ ኳሶች

ሜይ 6፣ ማክሰኞ

ዛሬም መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ባሌ ሆሊስ ከጨዋታ በፊት ዓይኑን ማሳረፍ ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት የኢውላን የፖስታ ሣጥን ገጭቶ የጣለው ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት ነው፤ በማንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ኢውላ ግን አጥሯ ላይ ተደግፋ፣ "ቨርና፣ ፀሐይዋ እኮ በጀርባው በኩል ነበረች" አለችኝ። ጎረቤቴ መልካም ሴት ናት፤ ችግሯ ነገር አለማለፏ ነው።

የክር ፋብሪካችን የቤዝቦል ቡድን፣ ፈታዮች፣ አሸነፉ። በስድስተኛው ዙር ከእንግዶቹ አንዱ መሬት ለመሬት የምትንከባለል ኳስ መታ። ጨዋታውን በራዲዮ የሚያወራው ሆሊስ በማይክሮፎኑ "ከፍ ብላ ወደ ግራው አጥር" አለ። ከጎኑ ተቀምጬ ነጥብ የምይዘው እኔ ደንግጬ እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። ወዲያው "ንፋሱ መለሳት" ብሎ አቃናው። ቅጠል እንኳን አልተንቀሳቀሰም ነበር።

ቤት ስንገባ የራዲዮ ጣቢያው ኃላፊ ሚስተር ክራውደር ደወለ። "ሆሊስ ደክሞታል እንዴ?" አለኝ። ጉንፋን ይዞታል አልኩት።

ሜይ 9፣ ዓርብ

ከሆሊስ ጋር ሻርለት ከተማ፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ፣ ሄደን ተመለስን። ቶሎ ልጻፍ፣ ጨዋታ አለ።

የዓይኑ መሃል ሄዷል። ዳር ዳሩ ይታየዋል፤ አንድ ነገር ላይ ትኩር ሲል ያ ነገር ይጠፋበታል። መነጽር አይረዳውም። ሐኪሙ ልጅ ነገር ነው፤ ቤዝቦል የሚወድም አይመስልም።

መንገድ ላይ ሆሊስ፣ "ለክራውደር ነገ እነግረዋለሁ" አለ።

"ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ቆይ" አልኩት።

ልጅ የለን፣ ትምህርት ቤቱን ምን አመጣው? እንጃ። ብቻ እንደዚያ አልኩ።

ሜይ 11፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወጥ ቤት ተቀምጠን አንድ ዘዴ አወጣን። አወጣሁ ልበል።

ሽመና ክፍል የሠራ ሰው ያውቀዋል። እዚያ ማሽኖቹ ሲነሱ የራስህን ሳል አትሰማም፤ ሴቶቹ ሁሉ የምናወራው በእጅና በከንፈር ነበር። ሜሪ ኔል ባሏን ልትፈታ መሆኑን ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ በሁለት ጣቶቿ ነግራኛለች። ታዲያ በእጅ ፍቺ መንገር ከተቻለ ኳስ መንገር ምን ያቅታል?

የሆሊስን ግራ እጅ ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አውራ ጣቱ ግራ ሜዳ፣ መሃል ጣቱ መሃል ሜዳ፣ ትንሿ ጣቱ ቀኝ ሜዳ። መሬት ለመሬት የምትሄድ ኳስ ከሆነች ጣቴን በመዳፉ ላይ እጎትታለሁ። ሣሩን እየላጨች የምትሄደዋ ከሆነች፣ አባቴ ትል ለብላቢ የሚላት፣ በጥፍሬ ፈጠን አድርጌ። ቀጥ ብላ የምትተኮሰዋን፣ የተወጠረ ገመድ የምንላትን፣ በጣቴ ጉልጥምት። ከፍ ብላ የምትሄድ ከሆነች የእጁን አንጓ ከታች ገፋ አደርጋለሁ። ሰነፍ ሆና ከውስጠኞቹ ተጫዋቾች ጀርባ፣ ከውጪዎቹ ፊት ዱብ የምትለዋ አጣጣሪ ድርጭት ትባላለች፤ ለሷ ቁንጥጫ። ማንም የሚይዛት ቀላል ኳስ ደግሞ የበቆሎ ጣሳ ናት፤ ባለሱቁ ከላይኛው መደርደሪያ በዘንግ ገፍቶ በሽርጡ እንደሚቀበላት ጣሳ ማለት ነው። ለሷ መዳፉን እጨብጥለታለሁ።

አባቴ ለፋብሪካው ቡድን ቀላቢ ነበር። ከመራመዴ በፊት የኳስ ስም አስተምሮኛል ይላሉ።

ሆሊስ ሳቀ። ከፋሲካ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ "ይሄ ማታለል አይደለም ወይ፣ ቨርና?" አለ። እኔ ማታለል አልለውም። ሃያ ሁለት ዓመት ያ ማይክሮፎን የሱ ነው። አባቱ ከፋብሪካ በወጣ በዓመቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነው ያለቀው። ባሌን በረንዳ ላይ አላስቀምጥም።

ሜይ 14፣ ረቡዕ

ሠራ። አንድም አልሳትንም። እጁ አልቦት ነበር፤ የኔም።

ለስርጭቱ የሚከፍለውን የዱቄት ድርጅት ማስታወቂያ ቁርስ ላይ አነብለታለሁ፣ እሱ በቃሉ ይይዘዋል። "አክስት ኮርዲሊያ ዱቄት፣ ብስኩትዎ ከፍ እንዲል።" ካርዱን ይዞ የሚያነብ ይመስላል። ገልብጦ ይዞት ነበር። ቀና አደረግኩለት።

ሜይ 27፣ ማክሰኞ

ሱቅ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥኩ ሁለት የማቅለሚያ ክፍል ሰዎች ከኋላዬ ያወሩ ነበር።

"ሆሊስ ዘንድሮ ምን በላ? ወጣት ሆነልህ እኮ።"

"እኔም እሱን ነው የምለው። ኳሷ ከዱላው ሳትለቅ ይነግርሃል።"

"ድሮ 'ወደ መሃል ሜዳ ሄደች' ነበር የሚለው፣ በቃ። አሁን ትል ለብላቢ፣ አጣጣሪ ድርጭት፣ ምኑ ቅጡ። አያቴ ከመቃብር ተነስቶ የሚያወራ ነው የሚመስለኝ።"

ጆሮዬ እስኪቀላ ሰማሁ። ለሆሊስ ስነግረው ሹካውን አስቀመጠና "ጥሩ" አለ። በቃ፣ ጥሩ። ደስ ብሎታል፤ እሱ ደስታውን የሚያሳይ ሰው አይደለም።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ስለ ክራውደር ምንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ጁን 12፣ ሐሙስ

አንዳንዱ ኳስ በጣት አይነገርም። ዛሬ አንዱ ልጅ ከቤዙ ፊት ያለውን ደረቅ መሬት በኳሷ ፈለጠው፤ ነጥራ ከመብራቱ እንጨት እኩል ሆነች፤ ሦስት ሰው አንጋጦ ከሥሯ ቆመ። ይሄን እንዴት አድርጌ ልቆንጥጠው? ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ "ዝናብ ይመጣ እንደሆን የሚያዩ ገበሬዎች መስለው ቆመዋል" አልኩት። እሱም ለሕዝቡ አለው። ከታች መቀመጫዎቹ፣ ራዲዮ ይዘው ከመጡት መሃል፣ ሳቅ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሁለቱን ሹክ አልኩት። አራት አምስቱን።

መኪና ውስጥ "የገበሬዎቹ ነገር ጥሩ ነበረች" አለ።

"ያንተ ድምፅ ነው ጥሩ ያደረጋት።"

"እኔ ምንም አላየሁም፣ ቨርና።"

ሙቀቱ እንደሚያዳክመው ለራሱ አይታወቀውም። ነገ ቀዝቃዛ ሻይ በብርጭቆ ሳይሆን በማሰሮ ይዤለት እወጣለሁ።

ጁላይ 5፣ ቅዳሜ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

የነፃነት ቀን፣ የጁላይ አራት ጨዋታ ነው፤ ሜዳው ጢም ብሏል፣ ያልመጣውም በየበረንዳው ራዲዮውን ከፍቷል። ዘጠነኛውና የመጨረሻው ዙር፣ ከእንግዶቹ ሁለት ሰው ወጥቷል፣ አንድ ኳስ ብንይዝ አለቀ፣ በአንድ ነጥብ እንመራለን፣ እንግዶቹ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አላቸው። መቺያቸው ወደ ግራ ሜዳ ከፍ ያለች፣ ሰነፍ ኳስ ላከ። የግራ ሜዳ ልጃችን ዋይሊ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ጓንቱን ዘረጋ።

እዚህ አገር የበቆሎ ጣሳ የሚባለው ኳሷ ገና አየር ላይ ሳለች ነው። ከተያዘች በኋላ ማን ይለዋል? ሁሉም ሰው እንደዚያው ነው፤ አባቴም፣ ቄሱም። እኔም የሆሊስን መዳፍ ጨበጥኩ። ሆሊስ "የበቆሎ ጣሳ፣ ወደ ዋይሊ፣ ፈታዮች አሸነፉ" አለና ወደ አክስት ኮርዲሊያ ዱቄት ገባ።

ዋይሊ ጣላት። መብራቱ ውስጥ ጠፋችበት መሰለኝ፤ ትከሻው ላይ አርፋ ወደ አጥሩ ተንከባለለች። ሁለት ሰው ገባ። ሆሊስ ስለ ብስኩት እያወራ ነበር። እጁን ብቆነጥጠው፣ ብጎትተው፣ ብመታው፣ ለዚህ የሚሆን ምልክት አላወጣንም። "ጣላት" ብዬ ጆሮው ውስጥ ጮህኩ። እሱ ማስታወቂያውን አቋርጦ "ጣላት" ሲል ከተማው ግማሹ ራዲዮውን ዘግቶ ርችቱን ለኩሷል። በኛም ተራ ምንም አላገባንም፤ ተሸንፈን እኮ ነው ርችት የተኮሱት።

ዛሬ በየመንገዱ የሚሰደበው ዋይሊ ነው። ምስኪን፤ እሱስ የሚሰደበው በእውነት በጣላት ኳስ ነው። የሆሊስን ጉዳይ ግን ፀጉር አስተካካዩ ጋ አንዱ፣ "ሰውየው ኳስ እያየ ነው የሚያወራው ወይስ ሕልም እያለመ?" ብሏል አሉ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጣቴ ቸኮለ። ይሄን ለማን ልንገረው?

ሆሊስ ማታ አልጋ ላይ፣ "አሁንስ ይበቃናል" አለ። "ይበቃናል" ያለው የርችቱን ጩኸት መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ። ዛሬ ሳስበው ርችቱን ማለቱ አልነበረም። ብቻ በውርደት ተሸኝቶ አይወጣም። ከዚህ በኋላ ሁለት ጥሩ ሳምንት ይሁንለትና ያኔ።

ጁላይ 10፣ ሐሙስ

ሚስተር ክራውደር ሳይነግረን ከመቀመጫዎቹ በላይ ሆነን እስከምናስተላልፍባት፣ ሣጥን እስከምትመስለው የጣውላ ክፍላችን ድረስ ወጣ። ደረጃው ሲንቋቋ ሰምቼ እጄን ልመልስ ስል ዘገየሁ።

"ምነው ሚስ ቨርና፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "እጁን ቁርጥማት ይዞታል፣ እያሸሁለት ነው" አልኩት።

"በዚህ ሙቀት?"

"ቁርጥማት ወር አይመርጥም።"

ሆሊስን አየው። ሆሊስ ወደሱ ዞሮ ፈገግ አለ፤ ግን የዞረው ክራውደር ከቆመበት ትንሽ ወደ ግራ ነው። ክራውደር ሁለት ዙር ቆሞ አዳመጠ። አንድም ነገር አልሳትንም። ሲወርድ "የጁላይ አራቱ ነገር በማንም ላይ ይደርሳል" አለ።

ጁላይ 29፣ ማክሰኞ

የሆሊስ መዳፍ መሃሉ ተልጧል። በጥፍሬ ነው። ቅባት ቀባሁለት። ጥፍሬን ቆረጥኩ። ነገ ትል ለብላቢዎቹን ቀስ አድርጌ።

እየቀባሁለት "ቨርና፣ ልተወው እፈልጋለሁ" አለ።

"ስድስት ሳምንት ነው የቀረን።"

"እኔ የምልሽ..."

"ከሜዳው እየተጨበጨበልህ ነው የምትወጣው። ቃሌ ነው።"

ደግ ሰው ነው፤ አይከራከርም። ዓይኑን ወደ መስኮቱ አደረገ። ዳር ዳሩን ለማየት እንዲህ ጎን ለጎን ነው የሚያየው አሁን፤ የሆነ ነገር ደብቆ የሚያስብ ሰው ያስመስለዋል።

ኦገስት 3፣ እሑድ

ሁለት ተሸነፍን፣ አንድ አሸነፍን። ለጭንቅላቱ የሚጠቀለል ፎጣ ረሳሁ። ቄሱ ስለ ትዕግሥት ሰበከ።

ኦገስት 14፣ ሐሙስ

ዛሬ ጨዋታ የለም። ለውዝ እየቀቀልኩ ዝም ብዬ ከማማሰል የትናንቱን ዙር በአፌ እያልኩት ነበር፣ ማንኪያውን ይዤ። እንዴት ብናገረው ይሻል ነበር ብዬ ነው፤ ለሆሊስ እንዲመቸው። በሁለት ሰው መሃል ሾልካ ያለፈችውን፣ ዓይናማ የምንላትን፣ ሦስት ዓይነት አድርጌ አልኳት። ሦስተኛዋ "በሩ ክፍት መሆኑን የምታውቅ ድመት ሆና ወጣች" የምትለዋ ጥሩ ነበረች። እንደገና አልኳት።

ቀና ስል ኢውላ መስኮቱ ጋ ቆማለች፣ እንቁላል ይዛ።

"ቀጥይ እንጂ" አለች። "ጨዋታው እንዴት አለቀ?"

"ምን ጨዋታ?"

"ቨርና፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምንተዋወቀው? እኔ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ በየማታው እሰማለሁ። ድምፁ የሆሊስ ነው። ወሬው ያንቺ ነው። ሽመና ክፍል አጠገቤ ቆመሽ ስንት ዓመት የሰማሁት ወሬ ጠፍቶኝ ነው?"

"ሽመና ክፍል ምን ሲሰማ ነበር? በጣት እኮ ነው ያወራነው።"

"ያው ነው" አለች፣ "ጣትሽም እንዲሁ ለፍላፊ ነበር።"

እንቁላሉን ተቀበልኳት። ተናደድኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሆሊስ ይሄን ሁሉ የማደርገው ለሱ መሆኑን ያውቃል። ሌላው ሰው ባያውቅ ምን ገዶኝ።

ለውዙ አረረ።

ኦገስት 26፣ ማክሰኞ

ክራውደር ከጨዋታው በኋላ መኪናችን ጋ መጣ። የዱቄቱ ሰዎች ደስ ብሏቸዋል። ደብዳቤ የሚጽፉ ሴቶች በዝተዋል። የሚቀጥለውን ዓመት ብቻ ሳይሆን ከዚያ ወዲያም ያሉትን ሁለት ዓመታት አሁኑኑ እንፈራረም አለ።

"እሺ" አልኩ።

ክራውደር ሳቀ፣ "እኔ እኮ የጠየቅሁት ሆሊስን ነበር፣ ሚስ ቨርና።"

"እሱም እሺ ነው የሚለው።"

ሆሊስ በሩን ይዞ ቆሟል። "እናስብበት" አለ። ክራውደር ሄደ። ሆሊስ መኪና ውስጥ ገብቶ ለረጅም ጊዜ የመቀመጫውን ጨርቅ በጣቱ ዳሰሰ።

"እኔን ሳትጠይቂ" አለ በመጨረሻ።

"ሦስት ዓመት ነው እኮ፣ ሆሊስ።"

"ሦስት ዓመት ምን ላደርግ? ቱቦ ልሆን?"

ዛሬ ከክፍሉ ሲወርድ ደረጃ ስቶ ነበር፤ ለዚያ ነው የተበሳጨው። ነገ ይረጋጋል። አፌን ግን ምን አስቸኮለው? ሁለት ጊዜ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። ቱቦ። ይሄን ቃል ከየት አመጣው?

ሴፕቴምበር 4፣ ሐሙስ

ለዋንጫው ገባን። ቅዳሜ እዚሁ ሜዳችን ላይ። ሸሚዙን ተኮስኩ። አያናግረኝም፤ ማለቴ ይናገራል፣ "ጨው አቀብይኝ" ይላል። እጁን ስይዘው ይሰጠኛል። እንደ ሐኪም ቤት ሰው ነው የሚሰጠኝ።

ሴፕቴምበር 7፣ እሑድ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ካልሆነ አሳምሬ እጽፈዋለሁ።

ሜዳው ውስጥ መርፌ መጣያ የለም። በሁለት ነጥብ እየተመራን ዘጠነኛው ዙር ገባን። ሁለት ሰው ወጣብን። ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አለን፣ አንደኛና ሁለተኛ። ቀላቢያችን ዱላውን ይዞ ወጣ። ሆሊስ እስከዚያ ድረስ የነገርኩትን ሁሉ ተናግሯል፣ አንድ ቃል ሳይጨምር፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ።

ወርዋሪው ወረወረ። ቀላቢያችን ግማሽ በግማሽ መታት፤ ደካማ ድምፅ ነበረ፣ ሣጥን ላይ የተጣለ ጫማ ዓይነት። ኳሷ ከሁለተኛው ቤዝ ልጅ ራስ በላይ ተነስታ መውደቂያ ትፈልግ ጀመር። የሆሊስን መሃል ጣት ቆነጠጥኩ።

ዝም አለ።

እንደገና ቆነጠጥኩት። እጁን ከእጄ አወጣ። ተናዶ አልነበረም፣ ቀስ ብሎ ነው፤ ከተኛ ሕፃን ሥር እጅ እንደሚወጣ። ከዚያ በዚያው እጁ የማይክሮፎኑን እግር ይዞ ጠረጴዛው ላይ ገፋውና አገጬ ሥር አቆመው።

ኳሷ አየር ላይ ናት። ሦስት ሰው ወደሷ ይሮጣል፣ ከሦስቱ አንዱም "የኔ ናት" አላለም። በየበረንዳው ያለ ሰው ሁሉ ምንም እየሰማ አይደለም። ራዲዮ ላይ ዝምታ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም።

አፌን ከፈትኩ። "ድርጭት ናት" አልኩ፣ "አጣጣሪ ድርጭት፣ ወደ መሃል፣ ሦስቱም ይሮጣሉ፣ ማንም አይደርስባትም።" ድምፄን በማላውቀው ቦታ ሰማሁት፤ ታች መቀመጫዎቹ ላይ ካሉት ራዲዮዎች ውስጥ ወደኔ ይመለሳል። ሰዎች ዞረው ሽቅብ አዩን። አላቆምኩም። "ወደቀች። አንዱ ገባ። አንድ ነጥብ ነው የቀረን። ሁለተኛውም አልቆመም፣ ሦስተኛውን ዞረ፣ የመሃል ሜዳው አነሳት፣ ወረወረ፣ ቀጥታ ነው፣ የተወጠረ ገመድ ነው፣ ልጃችን ተንሸራተተ፣ አቧራ ነው፣ አቧራ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ዳኛው..."

ዳኛው ክንዱን አነሳ።

"አውት" አልኩ። "ተሸነፍን።"

ሆሊስ በዚህ ሁሉ ዓመት "ተሸነፍን" ብሎ አያውቅም። "ፈታዮች ተሸነፉ" ነው የሚለው፤ ወግ ነው። እኔ ግን ያለቀስኩ መሰለኝ። ከዚያ የአክስት ኮርዲሊያን ዱቄት አልኩ፣ በቃሌ፣ ካርድ ሳልይዝ። ከዚያ "እዚህ ያለነው ሆሊስና ቨርና ቲግ ነን፣ ደህና እደሩ" ብዬ ቁልፉን ዘጋሁት።

ዞሬ ሳየው ፊቱን ወደ ሜዳው አላዞረም ነበር። ወደኔ ነበር፣ ጆሮውን ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

"ምን አደረግከኝ?" አልኩት።

"ጨዋታውን ሰማሁት" አለ። "ከሜይ ጀምሮ አንድ ጨዋታ አልሰማሁም፣ ቨርና። በየማታው እዚህ ተቀምጬ ጨዋታው የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ሁለመናዬ መዳፌ ላይ ነበር፤ ቀጥሎ የትኛው ጣቴ ይሆን እያልኩ። ዛሬ ያቺን ኳስ አየኋት። ከተመታችበት እስከ አቧራው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬሽ ነበር" አለ። "ስንት ጊዜ ነገርኩሽ።"

ነግሮኝ ነበር። ይሄን ደብተር ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ፤ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፣ ከሥሩ ደግሞ ሙቀቱ ነው፣ ደረጃው ነው፣ ርችቱ ነው እያልኩ። በረንዳ ላይ አይቀመጥም ብዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ለሱ ብዬ ነው ያደረግኩት። ለሱም ነበር። የቀረውን አሁን መጻፍ አልችልም፤ አፍራለሁ።

ሴፕቴምበር 8፣ ሰኞ

ክራውደር መጣ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። ሆሊስ ራሱ ሁሉንም ነገረው። ዓይኑን፣ ሐኪሙን፣ ጣቶቹን። ክራውደር አልተቆጣም፤ "ቁርጥማት" አለና ወደኔ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ድምፅዎ መጥፎ አይደለም፣ ሚስ ቨርና። ስልክ ከደወሉት ያልተቃወሙም አሉ። ግን የዱቄቱ ሰዎች ቤዝቦል ላይ ሴት አይፈልጉም። ከግሪንስቦሮ አንድ ልጅ አለ፣ ጎበዝ ነው ይላሉ።"

ሆሊስ፣ "አክስት ኮርዲሊያስ ሴት አይደለች?" አለው።

ለክራውደር ሻይ አቀረብኩለት፣ ጠጣ፣ ሄደ። የግሪንስቦሮው ልጅ ኤፕሪል ላይ ይጀምራል። ማይክሮፎኑን እንደምፈልገው ያወቅሁት "አይሆንም" ሲሉኝ ነው፤ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ሳህን ደግሜ አጠብኩ።

ሴፕቴምበር 13፣ ቅዳሜ

ከመንገዱ ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ፣ ከማለዳው ፈረቃ የወጡ ሰዎች ኳስ ይጫወቱ ነበር። ግማሾቹ ሸሚዛቸው ላይ ጥጥ አለ። ሆሊስ ወንበሩን በረንዳ ላይ አወጣ። ራሱ አወጣው። አጠገቡ ተቀመጥኩና ሳላስበው እጄ ወደ እጁ ሄደ። እሱ እጁን ኪሱ ከተተ።

"በአፍሽ" አለ።

ቀስ ብዬ ጀመርኩ፣ መንገደኛ እንዳይሰማ። ማን ቆሟል፣ ማን ይወረውራል፣ የቄሱ ላም ከሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ታስራለች። ትንሽ እንዳወራሁ ከወዲያኛው በረንዳ ኢውላ፣ "ቨርና፣ ከፍ አድርጊው እንጂ፣ እዚህም ሰው አለ" አለችኝ። ከፍ አደረግኩት።

አንዱ የማቅለሚያ ክፍል ሰው መታ። "የተወጠረ ገመድ፣ ወደ ቀኝ" አልኩ።

"አይደለችም" አለ ሆሊስ። "ድምጿ ከታች ነው የመጣው። ዱላው አናቷን ነው ያገኘው። ትል ለብላቢ ናት፣ መሬቱን ይዛ ነው የሄደችው።"

ኳሷን በመሃል ያለ ሣር ጋርዷት ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሁለተኛው ቤዝ ሰው ተንበርክኮ ከመሬት እየለቀማት ነው።

ድሮ ቢሆን ነገር አዙሬ አልፈው ነበር። "ሆሊስ ነው ልክ" አልኩ፣ ኢውላም እንድትሰማ ጮክ ብዬ።